ሳታመካኝ ብላኝ

ተከታታይ ፊልም የሚያይ ሰው ከሚሰጠው ፍርድ ሁሉ «እንደ መጀመሪያው አይደለም» የሚለውን ያህል የሚደጋገም የለም። ስለ «ገመና» ተብሏል፤ «ሰው ለሰው» ሊያልቅ ሲል ተብሏል፤ ቃና ቴሌቪዥን ከ2008 ጀምሮ አማርኛ እያናገረ ባሳየን የቱርክ ድራማዎች ላይም በየረከቦቱ ዙሪያ ተብሏል። ፍርዱ አጭር ነው፣ ይግባኝ የለውም፣ ማስረጃም አይጠየቅበትም። ይህን ሲል የሰማሁትን ሰው ሁሉ አንድ ነገር ልጠይቀው ያምረኛል፦ ከየትኛው መጀመሪያ? ከፊልሙ ነው ወይስ ከራስህ?

ሰሞኑን ፍርዱ የወደቀው በ«ስትሬንጀር ቲንግስ» ላይ ነው። ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ልንገረው። ማትና ሮስ ዳፈር የተባሉ መንትያ አሜሪካውያን የፈጠሩት፣ ኔትፍሊክስ በሐምሌ 2008 ማሳየት የጀመረው ታሪክ ነው። ኢንዲያና ውስጥ ሆኪንስ የምትባል፣ በካርታ ላይ የሌለች ትንሽ ከተማ አለች። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1976 ላይ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ተለይቶ በብስክሌት ወደ ቤቱ ሲሄድ ይጠፋል። የወሰደው ፊት የሌለው አውሬ ነው። አውሬው የሚወጣው ከከተማዋ ሥር ተገልብጦ ከተኛ ሌላ ዓለም ነው፤ ቤቱም መንገዱም ዛፉም ከላይኛው ጋር አንድ ሆኖ፣ ብርድና ጨለማና አመድ ብቻ የሰፈረበት። ልጆቹ በብስክሌት እየበረሩ፣ በሬዲዮ እየተጠራሩ ይፋለሙታል። አስፈሪ ፊልም ነው፤ ከፍርሃቱ እኩል የሚሸጠው ግን ትዝታ ነው። የካሴቱ ድምፅ፣ የግድግዳው ወረቀት፣ የፀጉሩ አቆራረጥ ሁሉ በዚያን ጊዜ ልጅ ለነበረ አሜሪካዊ ተለቅሞ የቀረበ ነው።

ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱን ብርድ ተሻግሮ፣ በአቀስታ አድርጎ ወደ ወሎዋ ቦረና የሚዘልቀው መንገድ ለመካነ ሰላም ከተማ ብዙ ነገር ያመጣል፤ ፊልም ግን የሚመጣው በኪስ ነው። በየወሩ ከፍሎ የሚያይ ሰው በዚህ አገር ብርቅ ስለሆነ፣ ክፍሎቹ ከሀርድ ዲስክ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ስልክ እየተጋቡ ይደርሳሉ። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠበት ጊዜ፣ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ፍላሹን ነበር። አንድ ምዕራፍ ዓለም አይቶት፣ ተከራክሮበት፣ ረስቶት ከጨረሰ በኋላ እዚህ አዲስ ሆኖ ይገባል። ይኼ ዘግይቶ መድረስ የራሱ በረከት አለው፤ ሌላው የጮኸበትን አንተ በጸጥታ ታየዋለህ።

አራተኛው ምዕራፍ በግንቦትና በሰኔ 2014 በሁለት ተከፍሎ የወጣው ነው፤ ዛሬም የሚያከራክረው እሱ ነው። አምስተኛውና የመጨረሻው በኅዳርና በታኅሣሥ 2018 ከተለቀቀ ወዲህ ክርክሩ ጭራሽ ወደ ኋላ ተመልሶ «ነገሩ የተበላሸው ከአራት ጀምሮ ነው» የሚሉና «አራት ባይኖር ምን ነበረው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ረዘመ ይላሉ፤ እውነት ነው፣ የመጨረሻው ክፍል ብቻውን ከሁለት ሰዓት ያልፋል። ተበታተነ ይላሉ፤ እሱም እውነት ነው፣ ግማሹ ካሊፎርኒያ፣ ግማሹ የሩሲያ እስር ቤት፣ ግማሹ ሆኪንስ ነው። ልጆቹ አረጁ ይላሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሦስተኛው ምዕራፍ በሰኔ 2011 ከታየ በኋላ አራተኛው እስኪመጣ ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በታሪኩ ውስጥ ግን የሄደው ከ1977 ክረምት እስከ 1978 መጋቢት ያለው ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር የማይበልጥ ነው። በድርሰቱ ውስጥ ወራት፣ በልጆቹ አጥንት ላይ ዓመታት። ድምፃቸው ወፍሯል፣ አንገታቸው ረዝሟል፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነኝ የሚለው ጢም ይላጫል። ተመልካቹ ይስቃል፣ ይናደዳል። የሚያናድደው ግን የተዋናዮቹ ማደግ ብቻ አይመስለኝም። በ2008 ሰባተኛ ክፍል ሆኖ የመጀመሪያውን ያየ የመካነ ሰላም ልጅ የመጨረሻውን ሲያይ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። በመሀል መንግሥት ተለውጧል፣ ጦርነት ደሴ ድረስ መጥቶ ሄዷል፣ ሌላ ግጭት ተነሥቷል፣ መንገድ ተዘግቶ ተከፍቶ ተዘግቷል። እንደ መጀመሪያው ያልሆነው ብዙ ነው። ፊልሙ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ብቅ እያለ ይህን ሁሉ ስለሚያስቆጥረው ቂሙን የሚወጣው በፊልሙ ላይ ነው። ከሁሉ የቀረበለትና የማይመታው ተከሳሽ እሱ ነዋ።

ሌላው ክስ ይበልጥ ከባድ ነው፦ አያስፈራም ይላሉ። በመጀመሪያው ምዕራፍ አውሬው አይናገርም፣ ስም የለውም (ልጆቹ ከሚጫወቱት ጨዋታ ተውሰው እስኪያወጡለት ድረስ)፣ ምክንያትም የለውም። ይርበዋል፣ ይወስዳል፣ አለቀ። በዚህ አገር በልጅነቱ የጅብ ተረት የሰማ ሰው ይህን ፍርሃት በደንብ ያውቀዋል። ተረቱ የሚነገረው ማታ እሳት ዳር ነው፤ ውጭ እውነተኛው ጅብ ከገደሉ ሥር እየጮኸ። ልጁ የተረቱን ጅብ ከውጭው ጅብ መለየት አይችልም፣ የሚነግሩትም እንዲለይ አይፈልጉም። ደግሞ በአክብሮት ነው የሚጠራው፤ «አያ ጅቦ» ነው የሚባለው፣ እንደ ታላቅ ወንድም። አያ ጅቦ የት እንደ ተወለደ፣ አባቱ ምን እንዳደረገው፣ ለምን እንደዚህ እንደ ሆነ ማንም አይጠይቅም።

አራተኛው ምዕራፍ ይህን ጠየቀ። ከክፋቱ ሁሉ ጀርባ ቬክና የሚባል አለ፣ ቬክና ቀድሞ ሄንሪ የሚባል ልጅ ነበር፣ ሄንሪ ሰዎችን ንቆ፣ እናቱንና እህቱን ገድሎ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቁጥር ወጥቶለት ያደገ ነው ተባለ። አውሬው አፍ አወጣ። ስለ ሰው ልጅ ግብዝነት፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ ሰዓት ንግግር አደረገ። ብዙ ተመልካች ይህን ወደደው፤ ጥልቀት አገኘ አሉ። እኔ ከማይወዱት ወገን ነኝ። ከዚሁ ከቦረና ምድር የወጣው አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «መጽሐፈ ምሥጢር»ን ሲጽፍ ያን ሁሉ ብራና የፈጀው ምሥጢሩን ፈትቶ ለመጨረስ አልነበረም፤ ምሥጢር በተብራራ ቁጥር ይጠልቃል እንጂ አያልቅም። የሚያልቀው እንቆቅልሽ ነው። መልሱ ከተገኘ በኋላ ማንም አገር አይጠይቅበትም፣ ደግሞ የጠየቀውም ልጅ ይሳቅበታል። ሄንሪ የተባለውን ልጅ ሲያመጡብን ምሥጢሩን እንቆቅልሽ አደረጉት፣ መልሱንም ራሳቸው ነገሩን።

አህያዋ ይህን ከሁላችን ቀድማ አይታዋለች። ጅብ ከወንዙ በላይ፣ አህያ ከወንዙ በታች ሆነው ውኃ ሲጠጡ ጅቡ «ውኃውን አደፈረስሽብኝ» ሲላት የመለሰችለትን ያልሰማ አበሻ የለም፦ አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ። ሁልጊዜ እንደ ተስፋ መቁረጥ ነው የሚጠቀስ። እኔ ክብር አይበታለሁ። አህያዋ መበላቷን ታውቃለች፤ የምትከለክለው በመበላቷ ላይ የሚለጠፈውን ምክንያት ነው። ጅቡ ከነረኃቡ ጅብ ነው፤ ምክንያት ሲጨምርበት ግን ዳኛም ሊሆን ያምረዋል። ቬክናን ሳየው የማስበው ይህን ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ አውሬ ሳያመካኝ ይበላ ነበር።

እንዲህ ብዬ አራተኛውን ምዕራፍ ጣልኩት ማለት አይደለም። በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ከአምስቱ ሁሉ የሚበልጥብኝ ነገር አለ፤ እሱም የኤዲ ነገር ነው። (ያላያችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት።) ኤዲ ሁለተኛ ደረጃን መጨረስ ያቃተው፣ ጊታር የሚመታ፣ ፀጉሩን ያሳደገ፣ ከልጆቹ ጋር በጠረጴዛ ላይ የጭራቅ ጨዋታ የሚጫወት ወጣት ነው። ከተማዋ ውስጥ ልጃገረድ ሞታ ስትገኝ ማንም አውሬ አልጠረጠረም፤ የቅርጫት ኳስ ቡድኑ አምበል ሕዝቡን ሰብስቦ ሰይጣን አምላኪው እሱ ነው አለ፣ ከተማው አመነ፣ ፍለጋ ወጣ። ይህን ለማየት አሜሪካ መሄድ አያስፈልገንም። በደጋው ወሎ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ስንት ዘመን በዚህ ዓይን ታይተዋል! ልጅ ታመመ፣ ላም ነጠፈች፣ ቡዳ ነው፤ ቡዳው ማነው? እጁ ሥራ የሚያውቀው። ቀን ማረሻ ይሠራልሃል፣ ማታ ጅብ ይሆናል ትለዋለህ። ማረሻውን ግን አትመልስለትም። እዚህ ላይ የሚያመካኘው ጅቡ አይደለም፣ የሚበላውም ቀጥቃጩ ነው። ኤዲ ያንኑ የሚያሳድደውን ከተማ ለማዳን ሞተ፣ ከተማው ደግሞ እስከ መጨረሻው ነፍሰ ገዳይ ነው እንዳለ ቀረ። ደራሲዎቹ ይህን ቁስል አልጠገኑትም፤ ስለዚህ ነው ከእኔ ጋር የቆየው።

አንድ ማታ መካነ ሰላም ውስጥ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ልጆች በተከራዩት ክፍል አራተኛውን ምዕራፍ በላፕቶፕ ሲያዩ አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር። አከራያቸው፣ ስድሳን ያለፉ እናት፣ በሰፌድ ቆሎ ይዘው ገቡና ሳያስቀምጡት በሩ ላይ ቆመው ማየት ጀመሩ። ማክስ የምትባለው ልጅ በቬክና ተይዛ አየር ላይ የተንጠለጠለችበት ቦታ ነበር።

«ምን ሆና ነው እንዲህ የምትሰቀል?» አሉ።

«ጭራቅ ይዟት ነው፣ እማማ» አለ አንደኛው።

«ምን በደለችው?»

«ምንም። የእንጀራ ወንድሟ ሞቶባት፣ ጥፋቱ የኔ ነው እያለች ስትብሰለሰል አገኛት። እንደዚያ ያሉትን ነው የሚይዝ።»

«እናቷስ የት አለች?»

ልጆቹ ተያዩ። ስለ እናቷ ያሰበ አልነበረም። «ሥራ ላይ ናት» አለ ሌላኛው፣ ከራሱ ፈጥሮ ይመስለኛል። እሳቸው ትንሽ አዩና «ዘመኑ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«በእኛ 78 ነው፣ እማማ።»

«በ78?» ሰፌዱን አስቀመጡት። «በ78 እዚያ ልጅ በብስክሌት ይጫወት ነበር?»

«አዎ።»

«እሰይ፣ ይጫወት። እኛ በ78 ወንድሜ ከሄደበት ሰፈራ ወሬው ይመጣ ይሆን እያልን ነበር።» ከዚያ ማክስ በጆሮዋ የምትወደው ዘፈን ተከፍቶላት ከጭራቁ እጅ ስታመልጥ እስኪያዩ ቆዩ። «ዘፈን ነው ያዳናት? ደግ» ብለው ወጡ። ምሬት አልነበረበትም። ሌላ አገር ዝናብ ዘንቧል ሲሏቸው እንደሚደሰቱት ዓይነት ነበር።

ያ ዘፈን የኬት ቡሽ ነው። የወጣው በሐምሌ 1977 መጨረሻ ነበር፤ አራተኛው ምዕራፍ ሲታይ እንደ ገና ተነሥቶ በሰኔ 2014 በእንግሊዝ የዘፈን ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ያው ሐምሌ 1977፣ ገና በስድስተኛው ቀን፣ በለንደንና በፊላደልፊያ ስታዲየሞች ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየው ታላቅ ኮንሰርት ተደርጓል፤ ገንዘቡ ይሰበሰብ የነበረው ለኢትዮጵያ ረኃብተኞች ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የእንግሊዝ ዘፋኞች ስለኛ ዘፍነው ነበር፤ የዘፈኑ ስም ራሱ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ወይ የሚል ጥያቄ ነው፤ ገናን ከአብዛኞቹ የእነሱ አገሮች ቀድሞ ሲያከብር ለኖረ ሕዝብ! የአሜሪካ ዘፋኞችም ተከተሉ። እንግዲህ ያ ዘመን ሲታወስ በካሴቱ ውስጥ ወሎ አለች። «ስትሬንጀር ቲንግስ» ካሴቱን፣ የመጫወቻ ቤቱን፣ የገበያ አዳራሹን አንድ በአንድ ሲመልስ ይህችን አገር የረሳት በክፋት አይደለም፤ ትዝታ ሁልጊዜ የራሱን ደጃፍ ብቻ ስለሚጠርግ ነው።

ስለ ትዝታ ደግሞ ወሎ ለማንም አትማርም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የቦታ ስማቸውን ከዚህ ነው የወሰዱት፤ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታወጣ የሰማ ሰው ዜማ ገደል እንዴት እንደሚወጣ ያውቃል። የትዝታን ቅኝት ስንት ዘፋኝ ዘፍኖታል፤ ያው ዜማ፣ ያው መመለሻ፣ አዲስ ግጥም። አድማጩ «ይኼንማ ሰምተነዋል» አይልም። ለምን እንደማይል ብዙ አስቤበታለሁ። ትዝታ የጠፋውን ነገር መልሶ አያቆምልህም፤ ቤቱን አይሠራም፣ መጋረጃውን አይሰቅልም፣ ልጅቷን በዚያው ዕድሜዋ አያመጣም። መጥፋቷን ነው የሚያዜመው፤ የጠፋው እንደ ጠፋ ስለሚቆይ ሺህ ጊዜ ሊዘፈን ይችላል። ፊልሙ ግን የጠፋውን ዘመን ከነወንበሩ አቁሞ ሰው አስገባበት። የቆመ ነገር ያረጃል፣ በውስጡ ያሉትም ያረጃሉ። ለአንድ ምዕራፍ ድንቅ ነው፣ ለሁለት ይበቃል፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ዕቃው ብቻ ይቀራል። «እንደ መጀመሪያው አይደለም» የሚለው ሰው እዚህ ላይ ልክ ነው፤ የሚናፍቀው ነገር አጠገቡ ተገትሮ እንዴት ይናፍቀው?

በ2007 ገደማ አዲስ አበባ ይሠራ የነበረው ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ «ክራምብስ» የሚባል የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቷል፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ተውነውበታል። ዓለም ከጠፋ በኋላ የቀሩ ሰዎች የጠፋውን ዘመን የፕላስቲክ መጫወቻና የሙዚቃ ሸክላ እንደ ታቦት ያከብራሉ፣ ማይክል ጆርዳን ይለመናል። ሰው በሳቅ ያየዋል። ለእኔ ግን ከአምስቱም የ«ስትሬንጀር ቲንግስ» ምዕራፎች ይልቅ ትዝታ በርቀት ምን እንደሚመስል ያሳየኝ እሱ ነው፤ የሌላ ሰው ልጅነት እጅህ ላይ ሲደርስ ዕቃ ነው፣ ምን ያደርግ እንደ ነበር የሚነግርህ ሰው የለም።

የአከራይቱ ወንድም የሄደው በሰፈራ ነበር። በ1977 እና በ78 ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪናና በሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላን ወደ ኢሉባቦር፣ ወለጋ፣ ከፋና መተከል ተጓጓዘ፤ ከግማሽ በላዩ ከወሎ ነበር። ብዙው ሳይወድ ሄደ፤ እናት ከልጅ፣ ባል ከሚስት ተለያዩ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጆይስ የምትባለው እናት ልጇ ሞቷል ሲሏት አላምንም ብላ በግድግዳው ላይ መብራት ሰቅላ በብልጭታው ታናግረዋለች፤ መንደርተኛው አብዳለች ይላል። አከራይቱ «እናቷስ?» ያሉት ከእንዲህ ዓይነቱ መለያየት ተነሥተው ነው። ቬክና ማን እንደ ሆነ አላሳሰባቸውም።

እዚህ ላይ ከአህያዋ ጋር መለያየት ሊኖርብኝ ነው። አውሬው ምክንያት ባይኖረው ይሻላል ብያለሁ፤ ለተረት። ረኃቡ ግን ተረት አልነበረም። ምክንያት ነበረው፣ ብዙ ምክንያት። በልጉ ለተከታታይ ዓመታት ከሽፏል፤ የደጋው ገበሬ በበልግ የሚኖር ነው። ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነበር፤ መንገድ ይዘጋል፣ ገበያ ይቀራል። ገበሬው እህሉን በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ማስረከብ ነበረበት። መስከረም 1977 ላይ አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በሰልፍና በብርሃን ስታከብር፣ ወሎ መንገድ ዳር ተኝታ ነበር፤ ወሬው በሰፊው የወጣው በጥቅምት የውጭ ካሜራ ኮረም ደርሶ ባሳየው ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ ትቶ «የእግዜር ቁጣ» የሚለውም፣ ከሩቅ ሆኖ ዝናብ የማያውቃት ምድር ብሎ የሚዘፍነውም አንድ ነገር ነው የሚያደርጉት፦ በመዝገብ መቆጠር ያለበትን ምሥጢር ያደርጉታል።

ከዚያም በፊት አንድ ምዕራፍ አለ። ወሎ ረኃቦቿን በቁጥር ነው የምትጠራ፤ የ66ቱ፣ የ77ቱ፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ክፉ ቀን። የ66ቱን የንጉሡ መንግሥት ደበቀው። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ቀርጾ በጥቅምት 1966 በአገሩ አሳየው። ደርግ ያንኑ ፊልም በቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች እያቆራረጠ፣ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ በ1967 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው። የወሎ ሕፃናት በአገራቸው ስክሪን ላይ እንዲህ ነው የታዩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለክስ ማስረጃነት። አሥር ዓመት አልፎ ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያውን ያሳየው መንግሥት ሁለተኛውን ደበቀ። ጅቡ አመካኝቶ በልቶ ሲያበቃ፣ ያባረረው ደግሞ ያችኑ ምክንያት ይዞ ወንዙ ላይ ቆመ ማለት ነው።

ወደ ፊልሙ ልመለስና ልጨርስ። የመጨረሻው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ኢለቨን የምትባለው፣ ታሪኩን ከጥንቱ የተሸከመችው ልጅ፣ ራሷን የሠዋች ትመስላለች። ከልጆቹ አንዱ ማይክ ምድር ቤት ውስጥ ጨዋታውን ዘርግቶ ለጓደኞቹ አንድ ተረት ይነግራቸዋል፦ አልሞተችም፣ ሩቅ አገር ሰላም አግኝታ ትኖራለች። እነሱም አምናለሁ፣ አምናለሁ ይላሉ። ደራሲዎቹ የማለቂያውን ሥልጣን ለሰሚው ሰጡት። እኛም ዘንድ ተረተኛው ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ» ብሎ ተራውን ለሌላው ይለቃል፤ ስለዚህ ይህን መጨረሻ እንደ ብዙዎቹ አልጠላሁትም። ብዙው ተመልካች ግን ሥልጣኑን አልፈለገውም። ያየነው ሁሉ የቬክና ቅዠት ነው፣ የተደበቀ ዘጠነኛ ክፍል አለ፣ በፈረንጆቹ ጥር 7 ይለቀቃል ተባለ። ቀኑ በእኛ ታኅሣሥ 29 ነበር፣ ገና። መካነ ሰላም ላይ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ጾም ሲፈታ፣ ሌላው ዓለም ስክሪኑ ላይ ተደፍቶ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ክፍሎቹ ሁሉ ታይተዋል፣ አልቋል ተባለ።

ጠባቂዎቹን ሰው ሳቀባቸው። እኔ አልሳቅሁም፤ የተሰጠኝ መጨረሻ መጨረሻው አይደለም ብሎ መጠበቅ በዚህ አገር የሚያስቅ ነገር አይደለም። እነሱ የጠበቁት ክፍል አልነበረም። የ77ቱ ግን አለ፤ አልታየም እንጂ። ከየመጠለያው በጭነት መኪና የተጫኑት ሰዎች ስም በሆነ ወረቀት ላይ በእጅ ተጽፎ ነበር፤ ማን ከየት ተነሣ፣ ማን የት ወረደ፣ ማን መንገድ ላይ ቀረ። በረኃቡ የሞተው ስንት እንደ ሆነ ሲጠየቅ ከሚጠቀሱት ግምቶች ዝቅ ያለው 400,000 ነው፣ ከፍ ያለው 1 ሚሊዮን። በሁለቱ መካከል ያሉትን 600,000 ሰዎች አንዱ ግምት ሞተዋል ይላል፣ ሌላው አያውቃቸውም።